ናፍጣው የማን ነው? የዘላቂነት ሪፖርት ለሚጠየቁ የነዳጅና ጋዝ አገልግሎት ሰጪዎች

ባለፈው ዓመት አቡዳቢ የምትኖር የሂሳብ ባለሙያ ደወለችልኝ። የምትሠራበት ድርጅት ጄኔሬተር፣ ክሬንና የውኃ ቦቴ ለነዳጅ ቁፋሮ ቦታዎች ያከራያል። ሠራተኞቹ 140 ገደማ ናቸው። “ጋሼ፣ በአንድ ወር ሦስት ፎርም መጣብን” አለችኝ። አንደኛው ከአውሮፓ ደንበኛ ነው፤ ኢኮቫዲስ በሚባለው የአቅራቢዎች መመዘኛ ላይ ተመዘኑ ይላል። ሁለተኛው ሲዲፒ የሚባል ተቋም የልቀት መጠይቅ ነው። ሦስተኛውን የላከው ባንክ ነው፤ በዓለም አቀፉ የዘላቂነት መስፈርት ቦርድ፣ በአይኤስኤስቢ፣ መስፈርት መሠረት የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀታችሁን አሳውቁን ይላል። አለቃዋ ደግሞ “አንዱን ምረጪና ገላግይን” ብሏታል።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ስልክ ቅጥያ ነው። በዘርፉ ስማቸው የሚነሳው ነዳጁን የሚያወጡት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ጉድጓዱን የሚቆፍሩላቸው፣ ቧንቧውን በሲሚንቶ የሚያስሩላቸው፣ ውኃ የሚያመላልሱላቸው፣ ካምፕ ውስጥ ምግብ የሚያበስሉላቸው ግን ሌሎች ናቸው። የሪፖርት መመሪያ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚታሰቡት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። አገልግሎት ሰጪው ፎርሙን ሲከፍት የነዳጅ ክምችቱ ስንት በርሜል እንደሆነ ይጠየቃል። ምን ብሎ ይሙላው? በርሜሉ የእሱ አይደለም።

ከታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች፣ “ዓ.ም.” ካልኩት በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሰዎች “ኢኤስጂ” (አካባቢ፣ ማኅበረሰብና አስተዳደር) በሚል አንድ ከረጢት የሚጨምሯቸው ነገሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሪፖርት መስፈርት ነው፤ ምን ምን እንደምትጽፉ ይነግራችኋል፣ ጽፋችሁ የምታወጡት ራሳችሁ ናችሁ። ጂአርአይ፣ ሳስቢና አይኤስኤስቢ እዚህ ናቸው። ሁለተኛው ምዘና ነው፤ መልስ ትልካላችሁ፣ ሌላ ሰው ውጤት ይሰጣችኋል። ኢኮቫዲስና ሲዲፒ ከዚህ ናቸው። ሦስተኛው የአሠራር ሰርተፍኬት ነው፤ ለአካባቢ ጥበቃ አሠራር የሚሰጠውን አይሶ 14001ን የመሰለ። ያቺ ልጅ የመጡላት ፎርሞች ሁለቱ ምዘና፣ አንዱ መስፈርት ነበሩ። ስለዚህ “አንዱን ምረጪ” የሚለው ትእዛዝ ከመጀመሪያውም አይሠራም ነበር። ፈተናና የመማሪያ መጽሐፍ አይወዳደሩም።

ናፍጣው የማን ነው?

ምርጫው ውስጥ ከመግባታችን በፊት እዚህ ቆም እንበል። የትኛውንም መስፈርት ብትመርጡ የሚጠይቃችሁ ቁጥር የሚወጣው ከናፍጣ ነው። በአገልግሎት ሰጪ ቤት ውስጥ የቢሮ መብራትና የወረቀት ቁጠባ ጨዋታ ነው። ዋናው ነገር ጄኔሬተሩ፣ ፓምፑና መኪናው የሚጠጡት ነው።

አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በትክክል ለመሥራት 2.68 የሚለውን ቁጥር መጠቀም ይቻላል። እንበልና አንድ የካምፕ ጄኔሬተር በቀን 1,500 ሊትር ይጠጣል። ዓመቱን ሙሉ ከሠራ ከ1,460 ቶን በላይ ይሆናል። አንድ ጄኔሬተር ብቻ! ሂሳቡ ራሱ ማባዛት ነው፣ ሶፍትዌር አይፈልግም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ 1,460 ቶን የሚጻፈው በማን ስም ነው?

ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት የልቀት አቆጣጠር ደንብ ጂኤችጂ ፕሮቶኮል ይባላል። ልቀትን በሦስት ስኮፕ ይከፍላል። ስኮፕ 1 እናንተ ራሳችሁ የምታቃጥሉት ነው። ስኮፕ 2 የምትገዙት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ስኮፕ 3 ደግሞ ከእናንተ በፊትም ሆነ ከእናንተ በኋላ በሌሎች እጅ የሚወጣው ነው፤ 15 ምድቦች አሉት። “እናንተ ራሳችሁ” የሚለው ታዲያ እንዴት ይወሰናል? ደንቡ ምርጫ ይሰጣል። በድርሻ መቁጠር ይቻላል፣ በገንዘብ ቁጥጥር መቁጠር ይቻላል፣ በሥራ ቁጥጥር መቁጠርም ይቻላል። አብዛኛው አገልግሎት ሰጪ የሚይዘው የመጨረሻውን ነው። ማሽኑ በማን አሠራር ነው የሚንቀሳቀሰው? ልቀቱ የዚያ ነው።

ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሜዳ ላይ እንየው።

ጄኔሬተሩን አከራይታችሁ ደንበኛው በራሱ ሰው ካሠራውና በራሱ ናፍጣ ከሞላው፣ ልቀቱ የደንበኛው ስኮፕ 1 ነው። ለእናንተ ስኮፕ 3 ይሆናል፤ ያከራያችሁት ንብረት በሚለው በ13ኛው ምድብ ውስጥ። ጄኔሬተሩን ከነኦፕሬተሩና ከነናፍጣው ካቀረባችሁ ደግሞ የእናንተ ስኮፕ 1 ነው። እስካሁን የሚያጣላ ነገር የለም። የሚያጣላው መሀሉ ነው። ሾፌሩ የእናንተ፣ ቦቴው የእናንተ፣ ናፍጣውን ግን ደንበኛው በሳይቱ ላይ በነፃ ይሞላላችኋል። መኪናውን የምታዙት እናንተ ስለሆናችሁ ልቀቱ የእናንተ ነው። ነገር ግን ደረሰኝ የለም። ደረሰኝ ከሌለ ሂሳብ ክፍል አያውቀውም። ሂሳብ ክፍል ካላወቀው ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም። ያየኋቸው የመጀመሪያ ዓመት ሪፖርቶች አብዛኞቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ያውም ማንም ሊዋሽ ሳይፈልግ።

የቁፋሮ ሪግ ሲሆን ይብሳል። በቀን ኪራይ ውል ናፍጣውን ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው የጉድጓዱ ባለቤት ነው፣ ሪጉን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ኮንትራክተሩ። አንዳንዴ ሁለቱም ስኮፕ 1 ብለው ይጽፉታል። አንዳንዴ ሁለቱም ይተዉታል። አንዱ በስኮፕ 1 ሌላው በስኮፕ 3 ቢጽፉት ችግር የለውም፣ ደንቡ የተሠራው እንዲያ ነው። ሁለቱም ስኮፕ 1 ካሉት ግን አንደኛው ተሳስቷል። ስለዚህ ውል ስትፈራረሙ አንዲት አንቀጽ ጨምሩ፦ ነዳጁን የሚመዘግበው ማን ነው፣ በየወሩ የሊትር ቁጥሩን ለማን ያሳውቃል? ይህች አንቀጽ ከየትኛውም አማካሪ ትበልጣለች።

ትልልቆቹ አገልግሎት ሰጪዎችም ድንበሩን የሚያሰምሩት በየራሳቸው መንገድ ነው። ቤከር ሂውዝ በጥር 2019 በ2050 የተጣራ ልቀቱን ዜሮ ለማድረግ ቃል ገባ። ያን ጊዜ ሽሉምበርገር ይባል የነበረው ኤስኤልቢ በ2021 ተከተለ፤ እሱ ስኮፕ 3ንም ጨምሮ ነው፣ ስኮፕ 3ን በ2030 በ30 በመቶ እቀንሳለሁ ብሎ። ሃሊበርተን ደግሞ ከ2018 ጋር ሲነጻጸር በ2035 ስኮፕ 1 እና 2ን በ40 በመቶ ለመቀነስ ነው ያቀደው። ሦስቱም ሂዩስተን ቢሮ አላቸው፣ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ላይ ይሠራሉ። መቶኛዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ “ማን ይበልጣል?” ማለት ግን ኪሎን ከሜትር ጋር ማወዳደር ነው። ደንበኛ የእናንተን ቁጥር ከተወዳዳሪያችሁ ጋር ሲያነጻጽር ይህን አስታውሱት።

ሳስቢ፦ አጭሩ፣ የእኛው

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ወገንተኝነቴን ከወዲሁ ልናገር፤ ለአገልግሎት ሰጪ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ሳስቢን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለነዳጅና ጋዝ አገልግሎቶች ብቻ ተብሎ የተጻፈ መስፈርት አለው። የበርሜል ክምችት አይጠይቅም። የሚጠይቀው እናንተ የምታውቁትን ነው።

ለምሳሌ ጠቅላላ የተጠቀማችሁት ነዳጅ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ መንገድ ላይ በሚሄድ መኪና የተቃጠለው ስንት በመቶ፣ ከመንገድ ውጭ ባለ ማሽን የተቃጠለው ስንት በመቶ? ምን ያህል ውኃ አንቀሳቀሳችሁ፣ ስንት በመቶውስ ተጣርቶ መልሶ ሥራ ላይ ዋለ? አለት በግፊት የምትሰነጥቁ ከሆነ የተጠቀማችሁት ፈሳሽ ስንት ነው፣ ምን ያህሉ አደገኛ ኬሚካል ነው? የአደጋ ምጣኔ፣ የሞት ምጣኔ፣ ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች፣ የመኪና አደጋ፣ የሥልጠና ሰዓት። ከዚያ አንድ የማይጠበቅ ይመጣል፤ በትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና መለኪያ መጨረሻ ላይ ካሉ 20 አገሮች የሚገኝ ገቢያችሁ ስንት ነው? ይህን ጥያቄ የሚወደው አለቃ አላጋጠመኝም። ዘርፉን ለሚያውቅ ሰው ግን በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጉድለትም አለው። አሜሪካዊ ሽታ አለው። ካላችሁ ሞተሮች ውስጥ ስንት በመቶው “ቲየር 4” ናቸው ይላል። ይህ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደረጃ ነው፤ እነዚህ ሞተሮች ድኝ እጅግ ያነሰበት ናፍጣ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ናፍጣ በማይገኝበት አገር ቲየር 4 ጄኔሬተር መግዛት ማጣሪያውን ማበላሸት ነው። እንዲህ ሲሆን ባዶ ቦታ አትተዉ። “በምንሠራበት አገር ይህ ደረጃ አይሠራም፣ ያሉን ሞተሮች እነዚህ ናቸው” ብላችሁ ጻፉ።

ሳስቢ አሁን ራሱን ችሎ የቆመ ድርጅት አይደለም። በ2022 ዓለም አቀፍ የሂሳብ መስፈርቶችን በሚያወጣው በአይኤፍአርኤስ ፋውንዴሽን ሥር ገብቶ የአይኤስኤስቢ ንብረት ሆኗል። በሐምሌ 2025 አይኤስኤስቢ ለበርካታ ዘርፎች የማሻሻያ ረቂቅ አውጥቷል፤ የነዳጅና ጋዝ አገልግሎት መስፈርቱም አንዱ ነው። ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ ከድሮ ኮምፒውተር የተገኘ ፋይል አትያዙ። ሰነዱ በነፃ ነው የሚገኘው፣ አዲሱን አውርዱ።

አደጋ ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ

የአደጋን ነገር ካነሳን አይቀር አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ባሕረ ሰላጤው ውስጥ በአንድ ኮንትራክተር ቤት የደኅንነት መረጃ የምሰበስብ እኔ ነበርኩ። ለጨረታ የአደጋ ምጣኔያችን ተጠየቀ። እኔም ኩራቴን ይዤ 1.5 ብዬ ሞላሁ። ሳምንት ሳይሞላ ደንበኛው ጠራን። “ይህ ቁጥር ለእናንተ ዓይነት ሥራ አይመስልም፣ ከየት አመጣችሁት?” አሉን።

ስህተቱ የኔ ነበር። በዓመቱ 3 አደጋ ነበረን፣ የሠራነው ሰዓት 400,000። የአሜሪካው አቆጣጠር ለእያንዳንዱ 200,000 ሰዓት ስንት አደጋ እንደሚደርስ ያሰላል፤ ውጤቱ 1.5 ነው። የነዳጅ አምራቾቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር አይኦጂፒ ግን በአንድ ሚሊዮን ሰዓት ነው የሚያሰላው። በዚያ ስሌት 7.5 ነው። ፎርሙ የአይኦጂፒ ነበር፣ እኔ የሞላሁት በአሜሪካው። ሳስቢም የሚከተለው የ200,000ን ነው። ስለዚህ ሁለት ደንበኛ ካላችሁ ሁለቱንም አስሉና መለኪያውን ከጎኑ ጻፉ። ጨረታው? አላለፍንም። በዚህ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፣ ግን አልረዳንም።

ጂአርአይ 11፦ ሰው ያለበት

ጂአርአይ ከሁሉም አንጋፋው ነው፤ በ1997 ተመሠረተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አምስተርዳም ነው። ለዘርፋችን የሚሆነው ጂአርአይ 11 በ2021 ወጥቶ ከጥር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ብዙ ሰው ለነዳጅ አምራቾች ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ቁፋሮ፣ ፍለጋ፣ የመድረክ ግንባታና መሣሪያ አቅራቢዎችም እንደሚመለከታቸው ሰነዱ በግልጽ ይላል።

ልዩነቱ የአተያይ ነው። ሳስቢና አይኤስኤስቢ “ይህ ነገር ገንዘባችሁን እንዴት ይነካል?” ይላሉ፤ አንባቢያቸው ባለሀብት ነው። ጂአርአይ “እናንተ ሰውንና መሬትን እንዴት ትነካላችሁ?” ይላል። በዘርፉ ሊነሱ ይገባል የሚላቸው 22 ጉዳዮች አሉ። ከአየር ንብረት ጀምሮ የመሬት መብት፣ የጉድጓድ መዝጋትና ቦታውን መመለስ፣ የግዳጅ ሥራ፣ ለመንግሥት የሚከፈል ገንዘብ ድረስ ይሄዳል።

ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ ሜዳ ላይ የሚሠራው አብዛኛው ሰው ከሌላ አገር የመጣ ነው። የእኛም ልጆች አሉበት። ሠራተኛው ከአገሩ ሲወጣ ለደላላ ስንት ከፈለ? ፓስፖርቱ በማን እጅ ነው? ደሞዙ በወሩ ገባለት ወይ? ሳስቢን ጥንቅቅ አድርጋችሁ ሞልታችሁ እነዚህን ጥያቄዎች አንዴም ሳትነኩ ልታልፉ ትችላላችሁ። ጂአርአይ አያሳልፋችሁም።

ሙቀቱም አለ። ኳታር ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ማሠራትን ከልክላለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይላል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ይህን ማክበር ሕግ ነው፣ ሪፖርት ላይ እንደ ትልቅ ውለታ አይጻፍም። የሚጻፈው በሙቀት ታመው ወደ ክሊኒክ የሄዱት ስንት እንደሆኑ፣ ሥራው ወደ ሌሊት ሲዞር የሾፌሮቹ ድካም እንዴት እንደተያዘ ነው።

የጂአርአይ ችግሩ ክብደቱ ነው። ሙሉ በሙሉ “በመስፈርቱ መሠረት” ብሎ ለማውጣት አንድ ሰው ለወራት ሌላ ሥራ መተው አለበት። መውጫ ግን አለው። “መስፈርቱን ዋቢ በማድረግ” የሚል ቀለል ያለ መንገድ ይፈቅዳል፤ የምትችሏቸውን ጉዳዮች መርጣችሁ ትጀምራላችሁ። ከ200 ሠራተኛ በታች ለሆነ ቤት እኔ ሁለተኛውን ነው የምመክረው። ደግሞ የአየር ንብረትና የኃይል አዲስ መስፈርቶቹ በ2025 ወጥተዋል፣ ከ2027 ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላሉ። አሁን የምትጀምሩ ከሆነ በቀጥታ በአዲሶቹ ጀምሩ።

ባንክ ሲጠይቅ

አይኤስኤስቢ በሰኔ 2023 ሁለት መስፈርት አወጣ፤ ኤስ1 አጠቃላይ ነው፣ ኤስ2 የአየር ንብረት። ብዙ አገሮች በሕጋቸው እየወሰዱት ወይም ሊወስዱት እየተዘጋጁ ነው፤ ከአፍሪካ ነዳጅ አምራቾች ናይጄሪያ ግንባር ቀደም ናት። ባንክ፣ ኢንሹራንስ ወይም አክሲዮን ገዢ ከጠየቃችሁ የሚያናግራችሁ በዚህ ቋንቋ ነው።

የምሥራቹ፣ ሳስቢን የሠራ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። አይኤስኤስቢ ራሱ ወደ ሳስቢ የዘርፍ ርዕሶች ነው የሚመራው። የሚጨመረው ማን እንደሚቆጣጠር፣ አደጋው ምን እንደሆነ፣ የነዳጅ ፍላጎት ቢቀንስ ድርጅቱ ምን እንደሚሆን ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ለአገልግሎት ሰጪ የሞት የሽረት ነው። ደንበኛችሁ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆኑና አንዱ ቁፋሮ ቢያቆም ክሬኑ የት ይሄዳል? ጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት) ጉድጓድ ላይ ይሠራል? ወደብ ላይ ይሠራል? ይህን በሁለት ገጽ በሐቅ መጻፍ ከሃያ ገጽ ሥዕል ይበልጣል። ስኮፕ 3 ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት እንድትተዉት ይፈቅዳል። ተጠቀሙበት።

ኢኮቫዲስ ወይስ ሲዲፒ?

ምርጫው የእናንተ ከሆነ ነው “ወይስ” የሚባለው። ብዙ ጊዜ ደንበኛው ይመርጥላችኋል።

ኢኮቫዲስ በ2007 ፓሪስ ላይ የተጀመረ ነው። አካባቢን፣ ሠራተኛን፣ ሥነ ምግባርንና የግዢ አሠራርን ይመዝናል። ከ100 ነጥብ ይሰጣል፣ ለተሻሉት ሜዳሊያ አለው። ውጤቱ ለ12 ወር ነው የሚያገለግለው፤ ክፍያውም እንደ ድርጅቱ ስፋት ይለያያል። ጥቅሙ አንዴ ተመዝናችሁ ለብዙ ደንበኛ ማሳየት መቻላችሁ ነው። ወጥመዱ ሰነድ ነው። የምትሠሩትን መልካም ነገር ሁሉ በቃል ብትነግሩት ዋጋ የለውም። ቀንና የድርጅት ስም ያለበት፣ ሥራ ላይ የዋለ ወረቀት ይፈልጋል። ስለዚህ የእኛ ሰው “እኛ እኮ እናደርገዋለን” ባለበት ሁሉ ነጥብ ይቆረጣል። ምዘናው ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው የሚጻፍ ፖሊሲም ያስታውቃል።

ሲዲፒ በ2000 ለንደን ላይ ተጀመረ። ከኤ እስከ ዲ በፊደል ይመዝናል፤ ተጠይቆ ያልመለሰ ኤፍ ያገኛል። ጥያቄው ጠለቅ ያለው ልቀት ላይ ነው፣ የሚሞላውም በዓመት አንዴ በተወሰነ ጊዜ ነው። ለትንንሽ ድርጅቶች አጠር ያለ መጠይቅ አለው። የናፍጣ መዝገባችሁ የተስተካከለ ከሆነ ሲዲፒ ይቀላችኋል። የሰው ኃይል ፋይላችሁ የተስተካከለ ከሆነ ኢኮቫዲስ ይቀላችኋል። ሁለቱም ካልተስተካከሉ... መልሱን ታውቁታላችሁ።

አይሶ 14001ን የሚያቀርቡም አሉ፣ “ይኸው ሰርተፍኬት አለን” ብለው። ጥሩ ነገር ነው፤ ጨረታ ላይም ይጠየቃል። ነገር ግን የሚያረጋግጠው አሠራር እንዳላችሁ ነው፣ ስንት ቶን እንደለቀቃችሁ አይናገርም። ለኢኮቫዲስ ማስረጃ ይሆናችኋል፣ ለባንኩ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ትንንሾቹ የማያውቁት አንድ አማራጭ

ቪኤስኤምኢ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት ለትንንሽና መካከለኛ ድርጅቶች በፈቃደኝነት እንዲጠቀሙበት ያዘጋጀው ነው፤ ኮሚሽኑም በሐምሌ 2025 እንዲሠራበት መክሯል። መሠረታዊው ክፍል 11 ነጥቦች ብቻ ናቸው። ኃይል፣ ልቀት፣ ውኃ፣ ቆሻሻ፣ ሠራተኛ፣ አደጋ፣ ሙስናና የመሳሰሉት። በቃ። የተጻፈው ለአውሮፓ ነው፣ ግን ማንም እንዳይጠቀምበት አልተከለከለም። አውሮፓዊ ደንበኛ ላለው የ140 ሰው ድርጅት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም። የነዳጅ ዘርፍ ልዩ ጥያቄዎች የሉትም፤ እነሱን ከሳስቢ ላይ አራት አምስት መርጦ ማከል ነው።

ኤስቢቲአይንም የሚጠይቁኝ አሉ፤ የልቀት ቅነሳ ዕቅድን የሚያጸድቀውን። ተቋሙ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ከነዳጅና ጋዝ ኩባንያዎች ዕቅድ መቀበል አቁሞ ነበር። አብዛኛው ገቢያችሁ ለእነሱ ከምትሰጡት አገልግሎት የሚመጣ ከሆነ ለአማካሪ ሳንቲም ከመክፈላችሁ በፊት ደንቡ እናንተንም ይነካ እንደሆነ አረጋግጡ። ድረ ገጻችሁ ላይ “በሳይንስ የጸደቀ ዕቅድ” ብላችሁ ለጥፋችሁ በኋላ ማንሳት ያሳፍራል።

እናንተ የት ናችሁ?

ሂዩስተን ከሆናችሁ፣ የፌዴራሉ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በመጋቢት 2024 ያወጣውን የአየር ንብረት ደንብ በፍርድ ቤት መከላከሉን በ2025 ትቷል። ስለዚህ የሚገፋችሁ ዋሽንግተን ሳይሆን ደንበኛ ነው። ሳስቢን ያዙ፣ የቲየር 4ን ጥያቄ ሳይቀር ቀጥታ ትመልሳላችሁ።

ኤምሬትስ ከሆናችሁ ነገሩ ምርጫ መሆኑ አብቅቷል። ከግንቦት 30 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአየር ንብረት ሕግ ነፃ ቀጠና ያሉትን ጨምሮ ድርጅቶች ልቀታቸውን እንዲለኩና እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ቅጣቱ ከ50,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ነው። ይህን ለዚያች ልጅ ስነግራት ለአለቃዋ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። መጠኑን ብቻ ነገረችው።

አገር ቤትስ? በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። ጋዙ በቦቴ ይጓዛል፣ ካምፕ ይኖራል፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ጥበቃና ጥገና ይኖራል። እዚያ የሚገቡ የአገር ውስጥ ትራንስፖርተሮችና ካምፕ አቅራቢዎች ዛሬ ማንም ጂአርአይ ላይጠይቃቸው ይችላል። እኔ የምለው በሦስት መዝገብ ይጀምሩ ነው፦ በየመኪናው የገባ ሊትር፣ የተሠራ ሰዓት፣ የደረሰ የመኪና አደጋ። የኤሌክትሪክ ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሆነ የስኮፕ 2 ቁጥራቸው ከምንም አይቆጠርም፤ ጉዳዩ መንገዱ ላይ ነው። ሳስቢ የመኪና አደጋን ለብቻው እንዲቆጠር ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ አማካሪ አንድ ቃል። የመጀመሪያውን ዓመት በራሳችሁ ሥሩ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቤታችሁ ውስጥ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። በሁለተኛው ዓመት የውጭ ሰው ይመርምረው። ሥራውን የጀመረላችሁ አማካሪ ራሱ መርማሪ ልሁን ካለ እምቢ በሉ።

ያቺ የሂሳብ ባለሙያ በመጨረሻ ምን አደረገች? ቪኤስኤምኢን መነሻ አድርጋ፣ ከሳስቢ የነዳጅ፣ የውኃና የመኪና አደጋ ጥያቄዎችን ጨመረች። ከዚያው ፋይል ለኢኮቫዲስም ለባንኩም መለሰች። ሲዲፒን ለደንበኛው ደብዳቤ ጽፋ ለቀጣዩ ዓመት አስተላለፈችው፤ እነሱም ተስማሙ። በሦስተኛው ወር ደግሞ ደወለች። የናፍጣ መዝገቡን ስታመሳስል ማንም ያልተከራየው፣ ግቢ ውስጥ የቆመ አንድ ጄኔሬተር በየሌሊቱ ሲጠጣ አገኘችው። የጥበቃ ቤቷን አየር ማቀዝቀዣ ነበር የሚያሠራው። የከተማው መብራት ከአጥሩ ማዶ ነበር። ኬብሉ ተጎትቶ የገባው በዚያው ሳምንት ነው።